ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ
(ከ1928 እስከ 1989 ዓ.ም.)

ከቡሬ ከተማ ተነሥቶ ወደ ወንበርማ ወረዳ የሚጓዝ መንገደኛ ሽንዲ ይደርሳል። ሽንዲ የወረዳው ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና በርበሬ የሚበቅልበት ለም አገር ነው። በስተ ደቡብ ምድሩ እየዘቀዘቀ ሄዶ በአባይ በረሃ ያበቃል። ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎች በከተማዋ ቤት ተከራይተው፣ ከወላጆቻቸው ዘንድ ስንቅ እያመላለሱ ይማራሉ። ቅዳሜ ሲደርስም ልብሳቸውን ጠቅልለው ወደ ጅረት ይወርዳሉ። ዛሬ ሳሙናው ከሱቅ ይገዛል። አያቶቻቸው ግን ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡ ከአጥር ሥር የሚለቀም ሌላ ሳሙና ነበራቸው፤ እርሱም እንዶድ ነው።

የአጠቃላይ ሳይንስ ትምህርት ገና ከመነሻው ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። በቅድሚያ አንድን ነገር አስተውሎ መመልከት፣ ቀጥሎ መጠየቅ፣ ከዚያም መላ ምት ማቅረብ፣ መላ ምቱን በሙከራ መፈተን፣ በመጨረሻም ከውጤቱ ተነሥቶ መደምደም እንደሚገባ ይዘረዝራል። ብዙ ተማሪ ይህን ዝርዝር ለፈተና ሸምድዶ ከፈተናው በኋላ ይረሳዋል። ሳይንስ በሩቅ አገር፣ በብርጭቆ ዕቃ በተሞላ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል፤ ከእናቱ የልብስ እጥበት ጋር አንዳች ዝምድና ይኖረዋል ብሎ አይገምትም። ነገር ግን ስማቸው በዓለም ከታወቀ ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶች አንዱ ይህን ሥርዓት በተግባር የጀመሩት ልብስ በሚታጠብበት ጅረት ዳር ነው። እኒህ ሰው ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው።

አክሊሉ ለማ በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሐረርጌ ተወለዱ። በዚያ ወቅት የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን ለመውረር በጠረፍ ተሰልፎ ይጠባበቅ ነበር። ጦርነቱም የተጀመረው እርሳቸው ገና የሁለት ሳምንት ጨቅላ ሳሉ ነው። ወረራው ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ፣ ከተማረውም ወገን ብዙውን ፈጅቶ አለፈ። ስለዚህ ከነጻነት በኋላ ለትምህርት የደረሱት ልጆች አገሪቱ ያጣቻቸውን ባለሙያዎች የመተካት አደራ የወደቀባቸው ነበሩ። አክሊሉም ከዚህ ትውልድ የወጡ ናቸው።

ወጣቱ አክሊሉ የመረጡት የሳይንስ ትምህርትን ነበር። ትምህርታቸውን ለማስፋት ወደ አሜሪካ ተሻግረው በታወቀው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። ያጠኑት በሰው አካል ውስጥ እየኖሩ በሽታ የሚያመጡ ጥገኛ ተሕዋስያንን ነው። ይህ የጥናት መስክ በሀብታም አገሮች ብዙ የሚፈለግ አልነበረም። በሞቃት አገሮች በሚኖረው ድኻ ገበሬ ዘንድ ግን የዕለት ተዕለት ችግር ነበር። ዶክተር አክሊሉ ትምህርታቸውን እንደ ፈጸሙ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1964 ነበር። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ.ም. ከተባለበት በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያም ሆነ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሕዝብ ብዙውን ከሚያሠቃዩት በሽታዎች አንዱ ቢልሃርዚያ ነበር። በሽታው ይህን ስም ያገኘው በ1851 ካይሮ ላይ ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በዓለም ላይ ከ70 በሚበልጡ አገሮች ከ200 ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሕዝብ በዚህ በሽታ ተይዞ እንደ ነበር ይገመታል። በኢትዮጵያ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች የሚኖረው ዓይነት በብዙ የወይና ደጋ ጅረቶች አጠገብ ይገኛል። በሽንት ፊኛ ዙሪያ የሚኖረው ዓይነት ደግሞ በቆላማ አካባቢዎች ይታያል። በጣና ሐይቅ ዙሪያና በምዕራብ ጎጃም ጅረቶች አጠገብ በሚኖሩ ልጆች ላይም በሽታው መኖሩ በጥናት ታውቋል።

ቢልሃርዚያ እንደ ወረርሽኝ ድንገት ደርሶ የሚገድል በሽታ አይደለም። በሽተኛውን ቀስ በቀስ ነው የሚያደክመው። ልጁ ሆዱን ያመዋል፤ ከሰገራው ጋር ደም ይታያል፤ ሰውነቱ ይከሳል፤ በትምህርት ቤትም ትኩረቱ ይደክማል። ዓመታት ሲያልፉ ጉበቱና ጣፊያው ያብጣሉ፤ በመጨረሻም ሆዱ ውኃ ይቋጥራል። በሽታው የሚጀምረው ሳይታወቅ፣ የሚከፋውም ቀስ እያለ በመሆኑ ብዙ ሰው ከጅረቱ ጋር አያገናኘውም ነበር።

ይሁን እንጂ የበሽታው መነሻ ጅረቱ ነው። በሽተኛው በውኃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላሎች ከሰገራው ጋር ወደ ውኃው ይገባሉ። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ አንድ ዓይነት ትንሽ የውኃ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው አካል ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም አንዱ እጭ ብዙ ሺህ ሆኖ ይወጣል። እነዚህ በዓይን የማይታዩ እጮች በውኃው ውስጥ እየዋኙ ሰው ይጠባበቃሉ። እረኛው ሲዋኝ፣ ውኃ ቀጂዋ እግሯን ስትነክር፣ ልብስ አጣቢዋም በጅረቱ ውስጥ ስትቆም ቆዳቸውን በስተው ይገባሉ። ከዚያም በደም ሥር ተጉዘው ያድጋሉ፤ እንቁላልም ይጥላሉ። እንግዲህ የበሽታው ሰንሰለት ከሰው ወደ ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣም ወደ ሰው የሚዞር ነው።

ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ሲሰበር ይቆረጣል። በዚያን ዘመን ለቢልሃርዚያ የሚሰጡት መድኃኒቶች በሰውነት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ከባድ ነበር። ጅረቱን ትቶ የቧንቧ ውኃ መጠቀምም ለገጠሩ ሕዝብ የሩቅ ተስፋ ነበር። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ከሁሉ የተሻለ ዘዴ መሆኑን ያምኑ ነበር። ለዚህ የሚያገለግሉ ኬሚካሎች በውጭ አገር ፋብሪካዎች ይሠሩ ነበር። ዋጋቸው ግን ውድ ሲሆን የሚገዙትም በውጭ ምንዛሪ ነበር። አንድን ጅረት አንድ ጊዜ ማከም ደግሞ አይበቃም፤ ቀንድ አውጣው ተመልሶ ስለሚራባ ሥራው በየጊዜው መደገም አለበት። በመሆኑም በሽታው የሚበዛበት አገር መድኃኒቱን ለመግዛት አቅም የሌለው አገር ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ከአሜሪካ እንደ ተመለሱ ቢልሃርዚያን ለማጥናት ወደ ትግራይ፣ ወደ ዓድዋ ከተማ ሄዱ። ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላም ነበር። የሄዱበት ዓላማ ቀላል ነበር፤ ይኸውም በከተማዋ ጅረቶች ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ የት የት እንደሚገኙ መመርመር ነው። በጅረቱ ዳር ሲመላለሱ እንደ ማንኛውም የኢትዮጵያ ከተማ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ሴቶቹ የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ወቅጠው፣ በውኃ አሽተው፣ በሚወጣው ነጭ አረፋ ልብሱን ያጥቡ ነበር። አረፋውም ከውኃው ጋር ወደ ታች ይወርድ ነበር።

ወጣቱ ሳይንቲስት ያስተዋሉት ነገር ከዚህ ላይ ይጀምራል። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከሚያጥቡበት ከፍ ብሎ ባለው ሥፍራ ግን እንዲህ ያለ ብዛት ያለው ሙት ቀንድ አውጣ አልነበረም። ጅረቱ አንድ ነው፤ ውኃውም አንድ ነው። በሁለቱ ሥፍራዎች መካከል የገባው ልዩነት የእንዶዱ አረፋ ብቻ ነበር። በዚያ ጅረት ዳር ስንት ሰው አልፎ ይሆን! ከብት የሚያጠጣው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ገበያ የሚሄደው ሁሉ ይህንኑ ጅረት ተመልክቷል። ዶክተር አክሊሉ ግን ያዩትን ነገር ለምን እንዲህ ሆነ ብለው ጠየቁ።

ጥያቄውን መላ ምት ተከተለው። ቀንድ አውጣዎቹን የገደላቸው እንዶዱ ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። ይሁን እንጂ መላ ምት እውነት የሚሆነው ሲፈተን ነው። ስለዚህ እዚያው ጅረቱ ዳር ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ተደርገው የእንዶድ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ይህ የመጀመሪያው ሙከራ ውድ መሣሪያ አልጠየቀም፤ የጠየቀው የአንዲት አጣቢ እንዶድና አስተዋይ ዓይን ብቻ ነበር።

በአንድ ሙከራ ብቻ ግን አልተደሰቱም። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በቤተ ሙከራ ውስጥ ሥራውን በሥርዓት ቀጠሉ። የእንዶድ ፍሬ ተፈጭቶ በተለያየ መጠን በውኃ ይበጠበጥና ቀንድ አውጣዎች ይገቡበታል፤ ሌሎች ቀንድ አውጣዎች ደግሞ ለማነጻጸሪያ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ይቀመጣሉ። በአጠቃላይ ሳይንስ ትምህርት ማነጻጸሪያ የሚባለው ነገር ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። በንጹሕ ውኃ ውስጥ ያሉት ባይኖሩ ኖሮ ቀንድ አውጣዎቹ በእንዶዱ ይሁን በረኃብ ወይም በሙቀት እንደ ሞቱ ማን ያውቅ ነበር? ጥናቱም እንዶድ እጅግ በቀጠነ መጠን እንኳ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጠ። እንዲሁም በውኃ ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ፈርሶ ኃይሉን እንደሚያጣ ታወቀ። ይህም እንደ አንዳንድ ኬሚካሎች በተፈጥሮ ላይ ተከማችቶ እንዳይቀር የሚያደርገው ጠባይ ነው። ይሁንና ለዓሣም መርዝ ስለሆነ በጥንቃቄና በልክ መጠቀም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። እንዶድ አረፋ እንደሚያወጣና ልብስ እንደሚያነጻ ያገኙት ዶክተር አክሊሉ አይደሉም። ያን ዕውቀት ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቁት፣ ፍሬው መቼ እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚደርቅና እንደሚወቀጥ ለልጆቻቸው ያስተማሩት የኢትዮጵያ እናቶች ናቸው። የዶክተር አክሊሉ ድርሻ በዚያ ዕውቀት ላይ ጥያቄና ሙከራ መጨመር ነበር። እርሳቸውም ይህን አልካዱም። ግኝቱን ከእናቶቹ የእጥበት ሥፍራ እንዳገኙት በሄዱበት ሁሉ ይናገሩ ነበር።

በ1966 በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ። ተቋሙን ያቋቋሙትና በመጀመሪያ የመሩት ዶክተር አክሊሉ ነበሩ። ዓላማው የኢትዮጵያን ሕዝብ የሚያጠቁ በሽታዎች በኢትዮጵያ ምድር፣ በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች እንዲጠኑ ለማድረግ ነበር። እርሳቸው ከቢልሃርዚያ ሌላ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ስለሚተላለፈው ሌይሽማኒያሲስ ስለሚባለው በሽታም መርምረዋል። ወጣት ኢትዮጵያውያንም በተቋሙ ውስጥ የምርምርን ሙያ እየተማሩ አደጉ።

በቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት በሜዳ መፈተን ነበረበት። ስለዚህ ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል ግኝቱ በተገኘበት በዓድዋ ከተማ ሰፊ ሙከራ ተካሄደ። የእንዶድ ፍሬ እየተፈጨ በከተማዋ ጅረቶች ውስጥ ይጨመር ነበር። ሕዝቡም በየጊዜው ይመረመር ነበር። የሙከራው ውጤት ከሁሉ ይበልጥ የታየው በሕፃናቱ ላይ ነው። ሙከራው ሲጀመር ከትንንሾቹ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ በበሽታው የተያዙ ነበሩ፤ ሙከራው ሲያበቃ ግን የተያዙት 7 በመቶ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ሕፃናቱ ለመመዘኛነት የተሻሉበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአዋቂዎች አካል ውስጥ ያለው ትል ከብዙ ዓመታት በፊት የገባ ሊሆን ይችላል፤ የሕፃኑ ግን አዲስ መሆኑ የታወቀ ነው። አዲስ የሚያዙ ሕፃናት ቁጥር ማነሱ የበሽታው ሰንሰለት መላላቱን ያመለክታል።

በዚሁ ጊዜ በአሜሪካ ከሚገኙ ተመራማሪዎች ጋር በተደረገ ትብብር በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር ተለይቶ ታወቀ። ንጥረ ነገሩ ሳፖኒን ከሚባሉት፣ በውኃ ውስጥ አረፋ ከሚያወጡ ውሁዶች ወገን ነው። ስሙም ለአግኚው ክብር ለማቶክሲን ተባለ። እንግዲህ ልብሱን የሚያነጻውና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው አንድ ዓይነት ባሕርይ ያለው ነገር መሆኑ ታወቀ።

እንዲህ ያለ ግኝት ወዲያውኑ በዓለም ሁሉ ተቀባይነት ያገኝ ነበር ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች በኢትዮጵያ የተሠራውን ጥናት በቂ አድርገው አልተቀበሉትም። እንዶድ በሰውና በእንስሳት ላይ ጉዳት እንደማያደርስ፣ የላቀ መሣሪያ ባላቸው የውጭ ቤተ ሙከራዎች፣ በወጣለት ሥርዓት መሠረት መረጋገጥ አለበት ተባለ። ጥያቄው በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ሕዝብ በሚጠቀምበት ውኃ ውስጥ የሚጨመር ነገር ሁሉ መፈተን ይገባዋልና። ችግሩ ፈተናው የሚጠይቀውን ብዙ ገንዘብ የሚሰጥ አለመገኘቱ ነበር። የመድኃኒት ኩባንያዎች ማንም ገበሬ በአጥሩ ሥር ሊያበቅለው ከሚችል ተክል ትርፍ አያገኙም። ስለዚህ ጥናቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየተንከባለለ ቆየ።

ሌላም ኀዘን ደረሰ። በለንደን የሚገኝ አንድ ተቋም ኢትዮጵያውያኑ ሳያውቁ ንጥረ ነገሩን ከእንዶድ ለማውጣት የሚያስችል ዘዴ በራሱ ስም የባለቤትነት መብት አወጣበት። ጥናቱን ለዓለም ጥቅም በግልጽ ያካፈሉት ሳይንቲስት ይህን ሲሰሙ እጅግ አዘኑ። ከዚህም በኋላ የድኻ አገር ዕውቀት በድኻው አገር እጅ እንዲጠበቅ፣ የአፍሪካ ሳይንቲስቶችም በራሳቸው ተቋሞች እንዲመራመሩ አጥብቀው ያሳስቡ ጀመር።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ሥራው በትዕግሥት መራመዱን አላቋረጠም። በዚህ የትዕግሥት ጉዞ ውስጥ ስማቸው አብሮ ሊነሣ የሚገባ ሌላ ኢትዮጵያዊ አሉ። እርሳቸውም የእርሻ ሊቁ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ቀንድ አውጣን የሚገድል ተክል መኖሩን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ገበሬው በብዛት ሊያመርተው ይገባል። ዶክተር ለገሠ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች 65 የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው ለበርካታ ዓመታት አበቀሉ፤ አወዳደሩም። የትኛው ብዙ ፍሬ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ተባይን እንደሚቋቋም፣ የትኛውም ቀንድ አውጣን ለመግደል እንደሚበረታ መዘገቡ። ከሁሉ በልጦ የተገኘው በተራ ቁጥሩ 44 ተብሎ የሚጠራው ዓይነት ነበር። የአንዱ ሊቅ ሥራ ከሌላው ጋር ሲደጋገፍ እንዶድ ከአጥር ጥግ ወጥቶ የእርሻ ሰብል ለመሆን በቃ።

በ1983 በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በስዋዚላንድ፣ በምባባኔ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤዎች ተደረጉ። የካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከልም ለጥናቱ ድጋፍ ሰጠ። ከዚህም የተነሣ ለብዙ ዓመታት ሲጠየቅ የነበረው የጉዳት ምርመራ በወጣለት ሥርዓት ተካሄደ። ዓድዋ ላይ ከተደረገው የመጀመሪያ ምልከታ እስከዚህ ድረስ ሃያ ዓመት ያህል አልፎ ነበር። በጅረቱ ዳር የታየውን ነገር ለመፈተን የጥቂት ሰዓት ሥራ በቅቷል፤ ዓለም ውጤቱን እንዲያምን ለማድረግ ግን የአንድ ሰው የሥራ ዘመን እኩሌታ ጠየቀ።

ዶክተር አክሊሉ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ጉዳይ ሠርተዋል። በኋላም በኢጣሊያ አገር በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆነዋል። በእነዚህ ሥራዎች ላይ ሳሉ እንዶድን አልተዉም። በየጉባኤው እየቆሙ የአፍሪካ አገሮች ተባብረው በራሳቸው ተክል የራሳቸውን በሽታ እንዲከላከሉ ይመክሩ ነበር።

በ1989 በስዊድን አገር የሚሰጠውና በብዙ ሰዎች ዘንድ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ለዶክተር አክሊሉ ለማና ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ተሰጠ። ሽልማቱን ያስገኘላቸው ቢልሃርዚያን ድኻው ሕዝብ በሚችለው ዋጋ ለመከላከል ያደረጉት ያልታከተ ጥረት ነው። በዓመቱ፣ በ1990፣ እንዶድ ሌላ አገልግሎት እንዳለው በአሜሪካ ታወቀ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ከውጭ የገባ አንድ ዓይነት ትንሽ ባለ ዛጎል እንስሳ እየተራባ የውኃ ማስተላለፊያ ቧንቧዎችን ይደፍን ነበር። በኦሃዮ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ሙከራ እንዶድ ይህንንም እንስሳ እንደሚገድል ታየ። የኢትዮጵያ እናቶች ሳሙና የሀብታም አገርን ችግር ለመፍታት የሚጠየቅ ሆነ።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በመጋቢት ወር 1989 ዓ.ም. በ61 ዓመት ዕድሜያቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ያቋቋሙት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል።

የእርሳቸው ምኞት ሙሉ በሙሉ ተፈጽሟል ማለት አይቻልም። እንዶድ እንዳሰቡት በአፍሪካ ጅረቶች ሁሉ በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ በኋላ ፕራዚኳንቴል የተባለ ጥሩ መድኃኒት ተገኘ፤ ዋጋውም በጊዜ ብዛት ቀነሰ። በዘመናችን በሽታውን ለመከላከል ከሁሉ ይበልጥ የተለመደው ይህን መድኃኒት በትምህርት ቤቶች ለልጆች ማደል ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ልጁ ወደ ጅረቱ ሲመለስ እንደገና እንዳይያዝ አያደርግም። ቀንድ አውጣው በውኃው ውስጥ እስካለ ድረስ፣ ሰውም በውኃ ዳር እስከ ተጸዳዳ ድረስ ሰንሰለቱ አልተቆረጠም። ስለዚህ ፕሮፌሰር አክሊሉ ያነሡት ጥያቄ ዛሬም ገና መልሱ ያላለቀ ጥያቄ ነው።

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ የሚነገረው ስማቸው እንዲወደስ ብቻ አይደለም። ከሥራቸው አካሄድ ትምህርት እንዲገኝ ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ በዓድዋ ጅረት ዳር የሠሩት በአጠቃላይ ሳይንስ ትምህርት የሚዘረዘረውን ነው፤ ተመለከቱ፣ ጠየቁ፣ ገመቱ፣ ፈተኑ፣ ደመደሙም። በዚያ ላይ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይጻፉ ሁለት ነገሮች ጨመሩ። አንደኛው፣ ያልተማረች የምትባል እናት የያዘችውን ዕውቀት አለመናቅ ነው። ሁለተኛው፣ እውነቱ ከተገኘ በኋላ ሰሚ እስኪያገኝ ድረስ አለመታከት ነው።

በሽንዲም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በሌላ ሥፍራ የሚማር ወጣት ቅዳሜ ልብሱን ይዞ ወደ ጅረት ሲወርድ ከውኃው ገብቶ ከመቆሙ በፊት አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ይመልከት። በውኃው ዳር ባለው ድንጋይ ላይ ቀንድ አውጣ ይኖር ይሆናል፤ ከአጥሩም ሥር እንዶድ በቅሎ ይሆናል። ወደ ቤት ሲመለስ ደግሞ አያቱን ስለ እንዶድ ይጠይቅ። ምናልባት አያቱ የምታውቀውና ገና ማንም ያልፈተነው ሌላ ነገር ይኖር ይሆናል።